የሥርጉት መዶሻና የቡሬው ሾላ

ሥርጉት አለበል ዛፍ ስታንኳኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይስቃል። ቢስቅም አይፈረድበትም። ጭቃ የለመደ ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ከቦርሳዋ የጎማ መዶሻ ታወጣና የዛፉን ግንድ እየዞረች ኳ ኳ ታደርገዋለች። ትመታለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ፈቀቅ ትልና እንደገና ትመታለች። የፍኖተ ሰላም ባለ ባጃጆች በአጠገቧ ሲያልፉ «ሥርጉትዬ፣ ማን አለ ውስጥ? ክፈቱልን በያቸው እንጂ!» ይሏታል። እሷም ዞር ሳትል «ባለቤቱ ምሳ እየበላ ነው፣ ቆይታችሁ ኑ» ትላቸዋለች።

ሥራዋ ግን ጨዋታ አይደለም። ሰው ቤት ወይም ሕንጻ ሊሠራ ሲነሳ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይጠራታል። በቦታው ላይ ያሉትን ዛፎች እየዞረች ታያለች። ጤነኛው የትኛው እንደሆነ፣ ቢቆይ ለሰው የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ፣ የሚቆየው ደግሞ ቁፋሮ ሲጀመር ሥሩ እንዳይጎዳ አጥሩ እስከ የት መድረስ እንዳለበት ትናገራለች። የደን ትምህርት ተምራ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥቂት ዓመት ሠርታለች። ስትለቅ ለባልደረቦቿ «ችግኝ የሚያስተክል ሞልቷል፤ የቆመውን ዞር ብሎ የሚያይ ነው የጠፋው» አለቻቸው። ባልደረቦቿ በደንብ ሸኟት፤ እብደት መሆኑን ግን ከመንገር አልቦዘኑም።

መጀመሪያ ላይ የሚጠራት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከነዚያም አንዱ ሆቴል የሚያሠሩ ሀብታም ነበሩ፤ የጠሯትም «ይህ ወይራ ታሟል ብለሽ ፈርሚልኝና ቆርጬ መኪና ማቆሚያ ላድርገው» ሊሏት ነው። ሥርጉት መዶሻዋን አውጥታ ወይራውን መታችው። ድንጋይ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎም እኔም አልፈን ይሄ ይቆያል» ብላቸው ሄደች። ሰውየው ተቆጡ። ሲውሉ ሲያድሩ ግን ነገሩ ራሳቸውን ያስቃቸው ጀመር፤ በየሄዱበት «አንዲት ልጅ እድሜዬን ከወይራ አስተያይታ ነገረችኝ» እያሉ አወሩት። ወይራውም ቆሞ ቀረ፣ የሥርጉትም ስም ወጣ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ነበር። አባቷ አቶ አለበል ዛፍ ጣይ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ፤ በአካባቢው ባህር ዛፍ የሚያስቆርጥ፣ ጣውላ የሚያሰነጥቅ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ሥርጉትን አሳድጎ ያስተማራት መጋዝ ነው ቢባል ሐሰት የለበትም። እሑድ እሑድ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ደጃፉን ሳታልፍ ይጀምሯታል።

«አንቺ ታድኛለሽ፣ እኔ እጥላለሁ፤ ዛፉ ማንን እንደሚሰማ ግራ ገባው።»

«ለባህር ዛፍህ አልመጣሁብህም አባዬ። አንተም ለወይራዬ አትምጣብኝ።»

«ወይራ ቆርጬ አላውቅም!»

«እናቴ ሌላ ነው የምትለው።»

እናትየዋ ከጓዳ «እኔን አታስገቡኝ!» ይላሉ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከሳቁ በታች ግን ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። አቶ አለበል የልጃቸውን ሥራ የተማረ ሰው ጨዋታ አድርገው ነው የሚያዩት። ዛፍ ወይ ይተከላል፣ ወይ ይቆረጣል፤ በመሀል ቆሞ ማንኳኳት ምን ይባላል? አንድም ቀን ፊት ለፊት ብለዋት አያውቁም። ሥርጉትም አንስታባቸው አታውቅም።

አንድ የጥቅምት ማለዳ ስልኳ ከቡሬ ጮኸ። የደወሉት መምህር ስሜነህ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ አሁን ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ። በስልክም ቢሆን ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆሙ ይመስል እያንዳንዷን ቃል እየረገጡ ነው የሚናገሩት።

«ልጄ፣ ዛፍ ታድኛለሽ አሉ።»

«የሚድን ከሆነ፣ መምህር።»

«ይድናል። እኔ ነግሬሻለሁ፣ ይድናል። አንቺ መጥተሽ ለመሐንዲሱ ንገሪልኝ ብቻ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ አዲስ የመማሪያ ክፍሎች ሊሠራ ነው። በበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። በርበሬ ጭነው ከገጠር ወደ ቡሬ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች አህያቸውን የሚያሳርፉት በሱ ጥላ ነው። እድሩ የሚሰበሰበው፣ ተማሪ ሲመረቅ ፎቶ የሚነሳው ከሱ ሥር ነው። መምህር ስሜነህ ራሳቸው ጎልማሳ ሳሉ፣ ክፍሉ ሳይሠራ፣ ፊደል ያስቆጠሩት እዚያው ጥላ ሥር ነው። መሐንዲሱ ወንድምአገኝ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ፈጠን ፈጠን የሚል ወጣት ነው። የአሸዋ መኪና በበሩ ማለፍ ስለማይችል ሾላው ይነሳ አለ። ከተማው «ሾላው ከሚነካ ሕንጻው ይቅር» ብሎ ተነሳ። ሥርጉት እንግዲህ የተጠራችው በከተማው ወገን ቆማ እንድትከራከር ነው።

ቡሬ ስትደርስ የጠበቋት እንደ ሙሽራ ነው። ከዛፉ ሥር ሸንኮራና ብርቱካን የሚሸጡት እትዬ እህተ ማርያም ከዣንጥላቸው ሥር ብድግ ብለው፣ ከሸንኮራው ሁሉ ወፈር ያለውን መርጠው ልጠው ሰጧት።

«ያዢ የኔ ልጅ። ሾላዬን የምታድኚ አንቺ ነሽ?»

«እስቲ ልየው እትዬ።»

«ምኑን ታይዋለሽ? ይኸው ቆሟል!»

ሥርጉት ሸንኮራዋን እያኘከች ዛፉን ዞረችው። ግርማው ልብ ይወስዳል። ቅጠሉ ለምልሟል፤ ቅርንጫፎቹ መንገዱን ግማሽ ተሻግረዋል። ከዚያ መዶሻዋን አወጣች። ጤነኛ ሾላ ሲመታ ውኃ ጠግቦ እንደ ሞላ እንስራ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በመጀመሪያ የመታችው በኩል እንደዚያው ነበር። በትምህርት ቤቱ በኩል ያለውን ስትመታው ግን ዱም አለ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው የሚመስለው።

ማኘኳን አቆመች። እንደገና መታች። ዱም።

ዝቅ ብላ አየች። ከግንዱ ሥር እንደ መደርደሪያ የተደራረበ እንጉዳይ በቅሏል። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ከጥቂት ዓመት በፊት የተቆፈረ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ሲቆፈር በዚያ በኩል ያለው ሥር ሁሉ ተቆርጧል። ዛፉ እንግዲህ ውስጡ ባዶ ነው፣ በአንድ በኩል የያዘው ሥር የለም፣ ያዘነበለውም ወደ አንደኛ ክፍል ጣሪያ ነው።

ወንድምአገኝ ራስ ቁሩን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ፊቷን አይቶ «ምነው?» አላት።

ዱም ያለበትን ቦታ መትታ አሰማችው።

«እኔ መኪና አላሳልፍ አለኝ ብዬ እንጂ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለማንም አትናገር። እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ልትሄድ ስትል ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አንድ ዝግባ አየች። ረጅም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ማንም ከሥሩ የማይቀመጥ። ጥቅሙ የመረብ ኳስ መረብ ማሰሪያ መሆን ብቻ ነው፤ ሽቦውም እድሜ ከመብዛቱ የተነሳ ልጡ ውስጥ ሰጥሟል። ግራና ቀኙ የአዲሱ ሕንጻ ችካል ተተክሏል።

«ይሄስ?»

«እሱማ ይቆረጣል። ስለሱ የጠየቀ ሰው የለም።»

ሥርጉት መታችው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ድፍን። ቅርንጫፉን አየች፣ ሥሩን አየች፣ ሽቦውን በመቁረጫ ከልጡ እየፈለቀቀች አወጣችለት። በዚያች ከተማ ከፍ ካሉት ዛፎች ሁሉ ጤነኛው ይህ ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች፤ ግን ሰልፍ የወጣለት የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ፤ እንደ ወትሮው ከሾላው ሥር ነው። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ወንድምአገኝ ጥግ ይዞ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። መምህር ስሜነህ ባርኔጣቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ባለሙያዋ መጥታለች፤ ሁላችንም እንስማት» አሉ።

ሥርጉት ተነሳች። ስታጠና የመጣችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝና... ስብሰባውን ወደ ኳስ ሜዳው እናዙረው» አለች።

«ምነው? እዚያ ፀሐይ ነው!» አለ አንዱ።

«ፀሐዩ ይሻላል።»

ወደ ላይ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያላየ ሰው የለም። መምህር ስሜነህ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ሳትናገሪ ተናገርሽ እኮ ልጄ» አሉ።

ወንበሩ እየተነሳ ወደ ሜዳው ሄደ። እትዬ እህተ ማርያም ግን ከሸንኮራቸው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም።

«እኔ ከዚህ የምነሳው ስሞት ነው!»

«እትዬ፣ እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለቻቸው ሥርጉት።

ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። እትዬ እህተ ማርያም ግን አልሳቁም፤ ዣንጥላቸውን እያጠፉ፣ ብርቱካናቸውን እየሰበሰቡ «ሸንኮራዬን መልሺ!» እያሉ ተከተሉ።

ሜዳው ላይ ነገሩ ጦፈ። «ዛፍ አዳኝ ብለን ጠርተን ዛፍ ገዳይ መጣችብን» አለ አንድ ነጋዴ። ሌላው ደግሞ «መሐንዲሱ አስቀድሞ አነጋግሯታል» አለ። ሥርጉት ቀጭን መሰርሰሪያ ይዛ ነበር። «የምትጠረጥሩኝ ሁለት ሦስት ሰዎች አብራችሁኝ ኑ፤ የቀራችሁት እዚሁ ቆዩ» ብላ ወደ ዛፉ ተመለሰች። መምህር ስሜነህ፣ ነጋዴውና እትዬ እህተ ማርያም ተከተሏት።

መሰርሰሪያውን ግንዱ ላይ አስደግፋ ማዞር ጀመረች። መጀመሪያ ነጭ ደረቅ ብናኝ ወጣ። ነጋዴው «ይኸው ጤነኛ ነው!» አለ። ጥቂት ስትቀጥል ብናኙ ቡናማ ሆነ፣ እርጥብ ሆነ። ከዚያ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አጣና መሰርሰሪያው እስከ እጀታው ድረስ ሸርተት ብሎ ገባ።

መምህር ስሜነህ ከብናኙ ቆንጠር አድርገው አሸተቱ። የሰነበተ የጭድ ሽታ አለው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሾላ በድፍን ሲባል እሰማ ነበር። ለካ እኛው ከሥሩ ተቀምጠን ነው የኖርነው!»

እትዬ እህተ ማርያም እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው «እኔስ የዛፍ ላይ እንቅልፍ አይደለም፣ የዛፍ ሥር እንቅልፍ ነው የተኛሁት» አሉ። ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ሥርጉት እጃቸውን ያዘቻቸው። አልነጠቋትም።

ሜዳው ላይ ሲመለሱ መምህር ስሜነህ አጠር አድርገው ተናገሩ፤ ሾላው ይነሳል። ሕዝቡ ሊበተን ሲል ሥርጉት እጇን አወጣች።

«አንድ ዛፍ ይነሳ ብያለሁ። አንድ ደግሞ ስጡኝና ላድን።»

«የትኛውን?»

«ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ዝግባ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዝግባ መኖሩን ያላስተዋለ ብዙ ነው። ወንድምአገኝ ግን ገብቶታል፤ ራሱን ያዘ።

«ሥርጉት፣ ዲዛይኑ ጸድቋል። ችካሉ ተተክሏል።»

«ዲዛይኑ ሲሠራ ሕንጻውን ወደ ኋላ የገፋኸው ሾላው ፊቱን ስለዘጋብህ አይደል?»

«ነው።»

«አሁን ሾላው ሲነሳ ፊቱ ይከፈትልሃል። ለምን ጠጋ አታደርገውም?»

ወንድምአገኝ የሞተር ሳይክሉ ወንበር ላይ ፕላኑን ዘረጋ። እስክሪብቶውን ነከሰ፣ አንገቱን አከከ። «ደረጃው በሌላ በኩል ይዞራል... የፍሳሹ ቱቦ ይረዝማል...»

«ቱቦ ቢረዝም አይሞትም።»

«ለዛፍ ብዬ ሕንጻ ፈቀቅ አድርጌ አላውቅም።»

«እኔም ሰው የሚወደውን ዛፍ ጣሉ ብዬ አላውቅም።»

ወንድምአገኝ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ሳቀ። «በይ እሺ። አለቆቼን ግን አብረሽኝ ነው የምታስረጂው» አለ። አብራው ሄደች። አለቆቹም ትንሽ አንገራግረው ተስማሙ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሾላውን ማን ይጥለዋል? በአንድ በኩል የመብራት መስመር አለ፣ በሌላ በኩል ክፍሉ። የወንድምአገኝ ሠራተኞች ቀና ብለው አዩትና «ይቅርብን» አሉ። ሥርጉት የሚችለውን ሰው ታውቀዋለች። ስልኳን ይዛ ግቢው ውስጥ ሁለቴ ከተመላለሰች በኋላ ደወለች።

«አባዬ፣ ዛፍ የሚጥል ሰው ፈልጌ ነበር።»

አቶ አለበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማን ልበል?»

«ሥርጉት ነኛ!»

«የኔዋ ሥርጉት? ዛፍ የምታድነዋ?»

«አትሳቅብኝ አባዬ።»

«አልሳቅሁም» አሉ አቶ አለበል። መሳቃቸው በደንብ ይሰማል። «መቼ ልምጣ?»

አቶ አለበል ገመዳቸውን በትከሻቸው፣ መጋዛቸውን በጆንያ ጠቅልለው ከአውቶቡስ ወረዱ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሰው ወደ ዛፉ ሄዱ። ምሳራቸውን አገላብጠው በጀርባው እየመቱ ግንዱን ዞሩት፤ ልክ ልጃቸው እንደዞረችው። ዱም ያለበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ደግመው መቱ። ከዚያ ዘወር ብለው እንደ ሥራ ባልደረባ ጠየቋት።

«ሥሩስ?»

ቦዩን አሳየቻቸው። በርከክ ብለው የተቆረጠውን ሥር በጣታቸው ፈረፈሩት።

«ይህን ዛፍ ወጥቼበት አልቆርጠውም። አይሸከመኝም።»

«እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት። ዙሪያውን ርብራብ ቢሠራለትና በርብራቡ ላይ ሆነህ ከላይ ወደ ታች ብትቀንሰውስ?»

አቶ አለበል ርቀቱን በዐይናቸው ለኩና «ይሆናል» አሉ። ወንድምአገኝ ለሕንጻው ያስመጣውን የባህር ዛፍ እንጨት አውጥቶ ርብራቡን አሠራ። አቶ አለበልም እንጨቱን እየደባበሱ «አየሽ? የኔ ባህር ዛፍ ለቁም ነገር ዋለልሽ» አሏት።

ቅዳሜ ተማሪ በሌለበት ሥራው ተጀመረ። ከተማው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። አቶ አለበል ርብራቡ ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን ትልቅ ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ቆረጡ፤ ቅርንጫፉ እንደ ታዘዘ ልጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛው ላይ መጋዙን ገና ሲያስገቡ ከግንዱ ሽቅብ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዝዝዝዝ።

አቶ አለበል የወረዱት ከወጡበት ፍጥነት በሦስት እጥፍ ነው። «ንብ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቡሬ እስካሁን ያወራዋል። ወንድምአገኝ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጠቅልሎ አሸዋ ክምር ላይ ተደፋ። መምህር ስሜነህ ጡረታቸውን ረስተው ሮጡና አንደኛ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ፤ በመስኮት ሆነው «ተረጋጉ! ተረጋጉ!» እያሉ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ነጋዴው የት እንደገባ እስከ ማታ አልታወቀም። ሥርጉት አባቷን እጃቸውን ይዛ ስትሮጥ አንዷ ንብ ከንፈሯ ላይ አረፈች። ከንፈሯ ወዲያው እንደ ዳቦ ተነፋ።

በቦታቸው የቀሩት እትዬ እህተ ማርያም ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሳይወራጩ፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ ከዛፉ ራቁና ሥርጉት ወዳለችበት መጡ።

«ይኸው! ሸንኮራዬን ሲልሱ የኖሩት ለካ የዚህ ቤት ሰዎች ናቸው!»

«እትዬ፣ አላየኋቸውም እኮ» አለች ሥርጉት፤ ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ ሁሉ ተጣሞ ነው የወጣው።

አቶ አለበል የተነደፈ እጃቸውን እያሹ «እኔም አላየሁም። ያውም ላያቸው ላይ ቆሜ!» አሉ።

እትዬ እህተ ማርያም የሽንዲ ልጅ ናቸው፤ ያደጉትም ቀፎ በሞላበት ቤት ነው። «እንግዲህ እስኪረጋጉ ማንም እንዳይጠጋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ አወርዳቸዋለሁ» አሉ። ወደ ማምሻው ላይ በእበት የተመረገ ቀፎ በልጃቸው ጋሪ አስጭነው፣ በገል ላይ የሚጨስ ነገር ይዘው መጡ። ርብራቡ ላይ ወጡ፤ ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም። ለስለስ ያለ ጭስ አስገቡ፣ እጃቸውን ወደ ባዶው አስገብተው ንቡን ከነማር እንጀራው በቀስታ እየዛቁ አወጡ። ወዲያው ከላይ «አውራዋን አገኘኋት! እሷ ከገባች ሌላው ይከተላል» የሚል ድምፅ መጣ። ተከተለም። ጥቁር ጉም የመሰለው መንጋ እየተጠቀለለ ቀፎው ውስጥ ገባ።

ከወረዱ በኋላ ዐይናቸውን በሁሉም ላይ አዞሩ። «ዛፉን ወሰዳችሁብኝ። ንቡን ግን አልሰጥም።»

«ማን ይጠይቅዎታል እትዬ?» አለ ወንድምአገኝ፣ ከጆሮው ውስጥ አሸዋ እያራገፈ። ከማር እንጀራው ለሁሉም ቆረስ ቆረስ አድርገው አቀመሱ። ለሥርጉት ሲደርሱ ከፍ ያለውን ሰጧት። ያበጠውን ከንፈሯን አይተው የሚስቁት ሳቅ ግን እንዳይታይባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ስለ ሸንኮራው መመለስ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ሰኞ የአንደኛ ክፍል ልጆች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተዛወሩና ሥራው ቀጠለ። አቶ አለበል ላይ ሆነው፣ ሥርጉት ታች ሆና ገመዱን እያዘዘች፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ቀነሱት። «ሳብ!» ትላለች። «ያዥ!» ይላሉ። «ላላ አድርጊ!» «አደረግሁ!» አንዲት የጣሪያ ቆርቆሮ አልተነካችም። በመጨረሻ የቀረው ግንድ ወደ ሜዳው ሲወድቅ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ውስጡም ተገለጠ። መምህር ስሜነህ ጎንበስ ብለው ገቡበት፤ ሙሉ በሙሉ ተሰወሩ። ሲወጡ ባርኔጣቸው ላይ ብናኝ ተቀምጦ ነበር።

«ጎልማሳ ሆኜ መጣሁ፣ ሸምግዬ ወጣሁ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ይሄ ባዶ ከራሴ በላይ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ አንደኛ ክፍል ጣሪያ ቀና ብለው አዩ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሰው ከመድረሱ በፊት ሥርጉት ከላይኛው ቅርንጫፍ ለምለም ዘንግ እየመረጠች ቆርጣ፣ ከቦዩ ርቃ በአጥሩ ጥግ ተክላው ነበር። ሾላ እንዲህ ሲተከል ይይዛል። ከተተከሉት አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ ደረቀ፣ አንዱን ፍየል በላው።

አባትና ልጅ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማንኩሳ እስኪደርሱ አቶ አለበል በመስኮት ሲመለከቱ ቆዩ።

«የተማረ ሰው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር» አሉ ድንገት።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ፊትህ መቼ ይደብቃል አባዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሥርጉት ትንሽ አሰበች። «አንተን ተከራክሮ የረታ ሰው አይቼ ስለማላውቅ።»

አቶ አለበል ከት ብለው ሳቁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩአቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቦዩን አይተሽ ሥሩን ማሰብሽ... እኔ ሥሩን ብጠይቅም፣ ቦዩን ባታሳዪኝ እወጣበት ነበር። ወጥቼበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናትሽ ጋ አልገባም ነበር» አሏት። ሥርጉት የአባቷን የተነደፈ እጅ ይዛ ፍኖተ ሰላም ደረሰች።

ዝግባውስ? ዙሪያውን፣ ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ድረስ፣ በእንጨትና በቀይ ጨርቅ ታጠረ። ጥላው እስከሚደርስበት ሥሩም አለና ከዚያ ውስጥ መኪና አይገባም፣ ሲሚንቶ አይቀመጥም፣ አይቆፈርም። አንድ ሾፌር ትእዛዙን ንቆ አሸዋ ገለበጠበት። ሥርጉት ይህን የሰማችው ከወንድምአገኝ ነው፤ ደውሎ እየተቆጣ ነገራት፤ አሸዋውን በአካፋ ያስነሳውም እሱ ራሱ ነው። ያም ሆኖ በጋው ሲገፋ በአሸዋው በኩል ያለው ቅጠል መገርጣት ጀመረ። ሥርጉት መጥታ የተጠቀጠቀውን አፈር በዘንግ እየወጋች አላላችው፣ ጭድ አለበሰችው፣ ውኃ አስጠጣችው። አንድ ቅርንጫፍ ግን ደረቀ፤ አቶ አለበል መጥተው በንጽሕና ቆረጡት። የቀረው ክረምቱን ሲያገኝ ለመለመ። አዲሶቹ ክፍሎች ተከፈቱ፤ መረቡ በብረት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። የእትዬ እህተ ማርያም ሸንኮራ ደግሞ አሁን ከአዲሱ በር አጠገብ ነው፤ ማር የሚገዛቸው ሰው ከሸንኮራው ገዢ በልጧል።

አቶ አለበልም ሲጠሩ መልሳቸው ተለወጠ። «ይጣልልኝ» ብሎ ለሚደውል ሁሉ «ልጄ አይታዋለች?» ይሉታል። ካላየችው አይሄዱም። ባህር ዛፍ ሲሆን ግን አይጠይቁም።

በቅርቡ ወንድምአገኝ ከጢስ ዓባይ ደወለላት። አዲስ ሥራ ይዟል፤ የእንግዳ ማረፊያ ነው።

«ገና ችካል አልተከልኩም» አለ፤ በድምፁ ውስጥ ኩራት አለ።

«እሰይ! ምን ዛፍ አለ?»

«ስሙን አላውቀውም። ትልቅ ነው። ሁለት ሰው አያቅፈውም።»

«መታኸው?»

«መታሁት።»

«ምን አለ?»

ወንድምአገኝ ትንሽ አመነታ። «እኔንጃ ሥርጉት። ለኔ ደህና ነው የመሰለኝ። ግን ነይና ስሚው።»

ሥርጉት ማታውኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። በማግስቱ ጠዋት መነኸሪያ ስትደርስ አቶ አለበል ቀድመዋት በምትሳፈርበት አውቶቡስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ ከሱ ጋር ስለ መንገዱ ዳር ዛፎች ሲከራከሩ አገኘቻቸው።